ከመኪና ግርግር የመጣችው ፔጆ

ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እንደ ቀድሞው አይታዘዙለትም እንጂ አእምሮውና ጨዋታው፣ ተመስገን፣ አልተነኩም። በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ እንወስደዋለን። "እንወስደዋለን" ሲባል ቀላል ይመስላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል ስንቱን ሕመምተኛ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ አዛውሬያለሁ። ከግቢያችን በር እስከ ታክሲ ያለችው አጭር መንገድ ግን አሸነፈችኝ። ሚኒባስ ውስጥ እግሩን አጥፎ መግባት አይችልም። በስልክ ከምንጠራቸው ታክሲዎች አንዳንዶቹ ምርኩዙን ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጣል። ደጎቹ ደግፈው ያስገቡልናል፤ ሒሳቡ ግን በወር ሲደመር የአንዳችንን ጡረታ ጠራርጎ ይወስዳል።

ስለዚህ ቤተሰብ ተሰብስቦ መኪና ይገዛ ተባለ። እኔ የወጣልኝ ዕቁብ፣ ውጭ ያለችው ልጃችን የላከችው፣ ባለቤቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጣት፣ ሁሉም ተደማምሮ 400,000 ብር ሞላ። ገንዘቡ ለእኛ ብዙ ነው፤ ለመኪና ገበያው ግን ምንም ማለት አይደለም። ታናሹ ልጄ "እማዬ፣ በዚህ ብር ቁልፉን ይሸጡልሽ ይሆናል" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። በእኛ ሀገር ግን እንደ ወርቅ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር የሚከብድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪኮቹ ዋጋ ከእኛ ዓይነቱ ጡረተኛ አቅም በላይ ነው። የቀረን ምርጫ ቀድሞ ገብቶ፣ ተጠግኖ፣ ተቀብቶ ዛሬም የሚሄድ የጥንት መኪና መፈለግ ብቻ ነበር።

ፍለጋውን የጀመርኩት በቮልስ ነው። የእኔ ዘመን ሰው ቮልስን ሲያይ ልቡ ይርዳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በቮልስ እንደነበር ያን ጊዜ የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ የማያውቃት መካኒክ የለም። ጉለሌ አካባቢ አንዲት ቢጫ ቮልስ አገኘሁና ልጄን ይዤ ሄድኩ። ከላይ ታምራለች። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ የወንበሩን ትራስ አስነሣሁና ምንጣፉን ገለጥ ሳደርገው መሬቱ ታየኝ። ላሜራው በዝገት አልቋል። እሱ እንኳ ባይሆን በሮቿ ሁለት ብቻ ናቸው። የልጅ ልጆች ከኋላ በገቡና በወጡ ቁጥር ባለቤቴን ከፊት ወንበር ማስነሣት ሊኖርብን ነው። ተውናት።

ቀጥሎ ዲኤክስ ኮሮላ አየን። መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፣ ነዳጅም አታባክንም። ግን ዋጋዋ ከእጃችን ያለውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ወንበሯም ለእኛ ሰው ዝቅ ያለ ሆነ። ይህን ያወቅኩት በሜትር ለክቼ ነው። በሕመም አንድ ጎኑ ለደከመ ሰው መኪና ስትመርጡ ከሞተሩ በፊት የወንበሩን ቁመት ተመልከቱ። ሰውዬው ሲቀመጥ ዳሌው ከጉልበቱ በታች ከወረደ በአንድ እግሩ ብቻ መነሣት አይችልም። እንደ ላንድክሩዘር ከፍ ካለ ደግሞ መውጣት አይችልም። ባለቤቴ ያለ ሰው ርዳታ የሚነሣበት የቤታችን ወንበር ከመሬት 48 ሳንቲ ሜትር ነው። ያንን ቁጥር ይዤ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር በቦርሳዬ ከትቼ ስዞር ደላሎቹ "እማማ፣ መኪና ነው ወይስ መጋረጃ የሚገዙት?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እንዲህ ስንዞር ነው ፔጆ 404 ትዝ ያለችኝ።

"የማያውቁት ሀገር አይናፍቅም" ይባላል፤ እኔ ግን ሐረርን አውቃታለሁ። በ1974 ዓ.ም. ዲፕሎማዬን ይዤ የተመደብኩት እዚያ ነው። ያኔ የሐረር ታክሲ ማለት ፔጆ 404 ነበር። አምቡላንስ በማይገኝበት ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት የሚያመጡልን እነዚያ ባለታክሲዎች ነበሩ። አንድ ሌሊት የሆስፒታሉን በር አልፈው ሳይገቡ ልጁ ደረሰና ሮጬ ወጣሁ፤ በኋላ ወንበር ላይ፣ በባትሪ ብርሃን አዋለድኩ። ወንበሩ ሰፊ፣ በሩም ሰፊ ስለሆነ እኔም እናቲቱም አልተጨናነቅንም። ሾፌሩ ሒሳብ አልጠየቀም። "ስሙን ፔጆ በሉት" ብሎ ሄደ። ስሙን ግን አላሉትም።

404 ገበያ ላይ የዋለችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ፈረንሳይ ሠራቻት፤ መልኳን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። የአቧራና የድንጋይ መንገድ መኪና መሆኗን ያስመሰከረችው በዚያ ነው። ማርሹ ከመሪው ሥር ነው። ባትሪ ቢሞት እንኳ በማኖቬላ ትነሣለች። ሐረርና ድሬዳዋ ለምን እንደዚያ እንደተሞሉባት የጠየቅኳቸው አዛውንቶች ሁሉ ወደ ባቡሩ ይጠቁማሉ። ፈረንሳዮች የዘረጉት ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከሐዲዱ ጋር ቋንቋቸውም ዕቃቸውም ገባ፤ ፔጆም ኋላ በዚያው በር ገባች ይላሉ።

ሐረር ወዳለችው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ። "ነይና እዪ፤ ባጃጁ ቢያጥለቀልቀንም ፔጆዎቹ አሉ" አለችኝ። በጥቅምት ወር ባለቤቴን ለልጆቼ አደራ ብዬ ከለቡ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርኩ።

ቀድሞ በአሮጌው ባቡር ስመላለስበት የነበረ መንገድ ነው። አዳማን አልፈን ሜታሐራ ስንደርስ ፈንታሌ ተራራ በግራ በኩል ተነሣ። አዋሽን ስንሻገር ሙቀቱ በመስታወቱ በኩል ይሰማል። ድሬዳዋ ወርጄ ከዚራ ዛፎች ሥር አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁና በሚኒባስ ደንገጎን ወጣሁ። ድሬዳዋ ሞቃት ናት፤ ሐረር ግን ከእሷ ስድስትና ሰባት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጠመዝማዛው ሲያልቅ አየሩ ይቀየራል። ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ሳለ አይቼው አልቅሼ ነበር። አሁን ተመልሶ ውኃ ይዟል። ከጎኔ የነበረች ወጣት ለምን በመስኮቱ እንደማጨበጭብ አልገባትም።

ባልደረባዬ የወንድሟን ልጅ ይዛ ጠበቀችኝ። ልጁ መካኒክ ነው፤ ያደገው በፔጆ ሥር ተጋድሞ ነው ማለት ይቻላል። በማግስቱ ወደ መጀመሪያዋ መኪና ወሰደን። ሰማያዊ፣ አዲስ የተቀባች፣ ፓራውልቷ እንደ መስታወት የሚያበራ። ደላላው "ሲስተር፣ ይቺ ሙሽራ ናት" አለኝ። መካኒኩ ግን ምንም ሳይናገር እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ሞቋል። እኛ ሳንመጣ አሙቀዋታል ማለት ነው። ያረጀ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ሲነሣ ነውና ሻጭ ቀድሞ ካሞቀው ጠርጥሩ። ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አውጥቶ በሮቹ ታች ላይ አስጠጋ። አልያዘም፤ ወደቀ። ቆርቆሮው አልቆ የቆመችው በስቱኮ ነው። በመጨረሻ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየን፤ አንዱ ቁጥር እንደገና የተመታ ይመስላል። "ይህቺን ከገዛሽ መኪና ሳይሆን ክስ ነው የምትገዢው" አለኝ ልጁ። ሙሽራዋን ከነሜካፗ ትተን ወጣን።

ሁለተኛዋ መኪና የአንድ ልብስ ሰፊ ናት ተባለ። ሐረርን ያላያችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ጀጎል የሚባለው ጥንታዊ ግንብ አምስት ነባር በሮች አሉት፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚወስድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ስሙ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ እንጂ ከተሽከርካሪ አይደለም። ባለመኪናው በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የሰፋ ሰው ነው። ሁሉም ሐጂ ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው ጠራሁት።

ሐጂ ቤት ገብተን ነደባው ላይ ተቀመጥን። ግድግዳው በስፌት ያሸበረቀ ነው። ሴት ልጁ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ አቀረበችልን። ሐጂ 76 ዓመቱ ነው። ሚስቱ ካረፈች ዓመት አልፏታል። "መኪናዋን የያዝኩት ለእሷ ነበር፤ ሆስፒታል የማመላልሳት በእሷ ነው። አሁን እኔም መንዳት አልችልም። አቦ፣ ዓይን ከሌለ መሪ ምን ያደርጋል?" አለ።

መኪናዋ ያለችው ከሸዋ በር ውጭ፣ የዘመድ ግቢ ውስጥ ነው። ቀለሟ ነጭ ነበረ፤ ፀሐይ በልቶት ያረጀ ቅቤ መስሏል። ማግኔቱ ግን በሁሉም በር ላይ ተለጠፈ። ሞተሯ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ አድሯል፤ ቁልፉ ሲዞር ሁለቴ አስላትና ተነሣች። መካኒኩ ጭሱን ተመለከተ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ማቃጠሏን፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ ማብዛቷን ይናገራል። የእሷ ጭስ ወዲያው ጠራ። ፍሬኑን ረግጦ ለአንድ ደቂቃ ያዘ፤ እግሩ ቀስ እያለ ሰመጠ። "ፍሬኗ ያፈሳል፣ ሸራውም አልቋል፤ ግን የሚሠራ ነው" አለ። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። እኔም ሜትሬን አወጣሁ። የፊት ወንበሩ 45 ሳንቲ ሜትር። ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጎድለዋል! በሩም እስከ መጨረሻው ሲከፈት የእኛ ሰው ከነምርኩዙ ይቆምበታል።

380,000 ብር ተጠርቶ 350,000 ላይ ደረስን። እጅ ለእጅ ልንያያዝ ስንል ሐጂ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ። ያየሁትን ያየሁት በዚያች ደቂቃ ነው። የሁለቱም ዓይኖቹ ብሌን መካከል ጭጋግ እንደሸፈነው መስታወት ነጣ ብሏል። ብርሃኑ ሲመታው ፊቱን ከስክሶ ሸሸ። "ያምዎታል?" አልኩት። አያመኝም አለ፤ ቀስ በቀስ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ እየደበዘዘ እንደመጣ ነገረኝ። "እርጅና ነው። ለእርጅና ምን መድኃኒት አለው?"

"ነገ ጠዋት እንጨርሰው" ብዬ ወጣሁ።

ያን ሌሊት ባልደረባዬ ቤት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ግን የዓይን ሞራ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። በሀገራችን ሰውን ከሚያሳውሩ ምክንያቶች ቀዳሚው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በአጭር ቀዶ ሕክምና ይድናል። የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል፤ ብዙዎቹ በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሐጂ ይህንን አያውቅም። መኪናውን የሚሸጠው ዳግም አላይም ብሎ ነው። ብነግረው ደግሞ መኪናውን የሚሸጥበት ምክንያት ይጠፋል። እኔም ቤቴ ባሏን በሁለት እጇ የምትጎትት ሴት ነኝ።

ለባልደረባዬ አዋየኋት። እሷም ለእኔ አዝና ነው፣ "ገዝተሽ ከጨረስሽ በኋላ ንገሪው፤ ሕክምናውን ደግሞ እኔ አሳየዋለሁ" አለችኝ። ምክሩ ክፉ አይመስልም። ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀበልኩት። ደጋግሜ ሳስበው ግን፣ ሰው አላይም ብሎ የሚሸጠውን ዕቃ ሊያይ እንደሚችል እያወቁ ቀድሞ መውሰድ ምን ይባላል? ፖሊስ አይጠይቀኝም፤ ሊብሬውም ንጹሕ ነው። ግን በዚያች መኪና ውስጥ ባለቤቴን ባስቀመጥኩ ቁጥር የሐጂ ዓይኖች ከፊቴ አይጠፉም ነበር።

ጠዋት ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ የሚፈራውን አወጣ። አንድ ጓደኛው ዓይኑን ታክሞ ሳያይ ቀርቷል። ጠየቅኩት፤ የጓደኛው ግላኮማ እንደነበር ልጁ አስታወሰች። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ በሕክምና ባለበት እንዲቆም ይደረግ ይሆናል እንጂ የጠፋው እይታ አይመለስም። ሞራ ግን ከዚያ ይለያል። ሐጂም የትኛው እንደሆነ የሚለየው በምርመራ ነው፤ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ ተስፋም ቢሆን በልክ እንዲይዝ ነገርኩት።

ሐጂ ብዙ ቆይቶ ሳቀ። "መኪና ልትገዢ መጥተሽ ዓይን ትሸጪልኛለሽ? እንግዲያ ሲስተር፣ መኪናዋ ትቆይ። መጀመሪያ ዓይኔን ልየው።"

ባዶ እጄን አዲስ አበባ ተመለስኩ። ልጆቼ ተቆጡ። ታናሹ "አንቺ ጡረታ የወጣሽው ከደመወዙ ነው እንጂ ከሥራው አይደለም" አለኝ። ባለቤቴ ግን ታሪኩን ሰምቶ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና በደህናው እጁ እጄን ያዘኝ። "እኔንም እኮ አንድ ሰው ቶሎ ባይናገር ኖሮ..." ብሎ አልጨረሰውም። ስትሮክ የመታው ቀን አፉ መጣመሙን አይቶ ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ የጮኸው የጎረቤት ልጅ ነበር።

ሆኖም ቀናቱ ቀላል አልነበሩም። በታክሲ ብንመላለስ ከመኪናው ገንዘብ ላይ መነካት ጀመረ። 400,000 የነበረው 370,000 ሆነ። ዋጋው ግን በየወሩ ይጨምራል። ሌሎች ሁለት መኪኖች አየን፤ አንደኛው ውክልና በውክልና የተላለፈ፣ ባለቤቱ የት እንዳለ የማይታወቅ ነው። አንዳንድ ሌሊት፣ አልዋሽም፣ ዝም ብል ኖሮ እላለሁ።

በየካቲት መጨረሻ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ነው። አንዱ ዓይኑ ተሠርቷል። "አልሐምዱሊላህ፣ ሲስተር! የልጄን ፊት አየሁ። ሽበት አውጥታለች፣ ማን ነገረኝ? መኪናዋንም አየኋት። አቦ፣ ቀለሟ እንደዚያ ሆኖ ነው እንዴ 350 የጠራሁብሽ? ያ የማያይ ሰው ዋጋ ነው።"

ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ አንድ ጊዜ ነድቷታል። "በቃኝ። ዓይኔ መጣ፤ ጉልበቴ ግን አልመጣም። ፍሪሲዮኑን ስረግጥ እግሬ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ላይ ሰው ብገጭስ? 320,000 አምጪና ውሰጃት። ሜትር ይዘሽ ስትለኪ ነበር፤ ስንት ነው ለባለቤትሽ የሚስማማው?"

"48" አልኩት።

ልጄ ሐረር ሄዶ ውሉን ተፈራረመ። ሲደርስ ሐጂ የፊት ወንበሩን ፈትቶ፣ ስፖንጁን ጨምሮ፣ በቡናማ ቆዳ መሰል ጨርቅ ሰፍቶ ጠበቀው። ዓይኑ ከተሠራ በኋላ የሰፋው የመጀመሪያ ሥራው ነው። ፍሬኗ እንደዚያ እያለ ያን ሁሉ መንገድ እንድትነዳ አልፈቀድኩም፤ ጭኖ ሄዶ ባዶውን በሚመለስ ኢሱዙ ላይ በ25,000 ብር መጣች።

አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ የፍሬን ሸራና ጎማዎቹ ውስጥ ያሉት ጎሚኖች ተቀየሩ። ከዚያ የእኔ ጭቅጭቅ መጣ፤ የደህንነት ቀበቶ። በእሷ ዘመን መኪኖች ብዙ ጊዜ ያለ ቀበቶ ነበር የሚሸጡት። ድንገተኛ ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝና በዚህ ጉዳይ ትዝታ አይሸውደኝም። የፊት ወንበር ቀበቶ በአደጋ የመሞትን ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የልጅ ልጅን ጭን ላይ አቅፎ ከፊት መቀመጥ ፍቅር ይመስላል፤ በግጭት ጊዜ ግን የትኛውም ክንድ ልጅን አይዝም፤ ከኋላ ያለውም የአዋቂው ክብደት ልጁን ይጨፈልቀዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አያቶች፣ እባካችሁ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ቀበቶውን በስሱ ላሜራ ላይ በብሎን ልምታው አለ። እንደዚያ የታሰረ ቀበቶ ለትራፊክ ፖሊስ ዓይን ካልሆነ ለሰው ሕይወት አይሆንም፤ ሲጎተት ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ሁለተኛው መካኒክ ከወለሉ ሥር ወፍራም ብረት አስገብቶ ብሎኑን በዚያ ውስጥ አሳልፎ አሰረ። ትንሿ የልጅ ልጄ የምትቀመጥበትንም የሕፃን ወንበር በዚያው አሠርን። ፍሬንና ቀበቶ 22,000 ብር ፈጀ። የስም ማዛወሪያውን ታናሹ ልጄ ከፈለ፤ የቁልፍ መያዣም ጨምሮ ገዛልኝ።

የመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ ቀን መኪናዋን ከእግረኛ መንገዱ ትንሽ አራቅ አድርገን አቆምናት፤ ሰውዬው ከደረጃ ላይ ሳይሆን ከተስተካከለ መሬት እንዲነሣ ነው። ወንበሩ ላይ ፌስታል አነጠፍኩ፤ ፌስታል ስለሚያንሸራትት መዞሩን ያቀላል። ባለቤቴ ጀርባውን ለወንበሩ ሰጥቶ ቆመ፤ በደህናው እጁ የበሩን አናት ያዘ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ግራ እግሩን ራሱ አስገባ፤ ቀኙን እኔ አነሣሁለት። ፌስታሉን ስቤ አወጣሁ፣ ቀበቶውን አሰርኩ። አንድም ሰው አልጎተተውም፤ እሱም "ይቅርታ" የሚላት ቃል ከአፉ አልወጣችም። ለሁለት ዓመት በየታክሲው በር ላይ ለሾፌሩም ለእኔም ሲላት የኖረ ቃል ናት። ወንበሩን በግራ እጁ ዳበሰና "ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው" አለ።

እንግዲህ የጥንት መኪና ልትገዙ ለምታስቡ የምለው ይህ ነው። ሜትርና ማግኔት ያዙ። ሞተሩን ቀዝቅዞ አስነሡት። ቁጥሩን ከሊብሬው አስተያዩ። ከቀለሙ በፊት ወለሉን፣ ከፍጥነቱ በፊት ፍሬኑን እዩ። ለቀበቶ የሚሆን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ሻጩንም እንደ ሰው እዩት፤ ለምን እንደሚሸጥ ጠይቁት።

ሐጂ በየዓርቡ ከሰላት በኋላ ይደውላል። አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ባለቤቴ አይደለም። "ልጄ እንዴት ናት? ዘይቷን አየሽ?" ይላል። አየሁ እለዋለሁ። ቀጥዬ "ሁለተኛው ዓይንዎስ?" ስለው ቀጠሮውን ይነግረኛል። በሚቀጥለው ወር ነው፤ ኢንሻአላህ።